ባትሪ ከተቀየረ ወዲህ ቴፑ ኮድ አምጪ ይለኛል

ሂሩት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ነገር የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

መኪናዬ የ2008 ሆንዳ ሲአርቪ ናት። ከአንድ የአገሬ ልጅ ነው የገዛኋት፣ እሱ ደግሞ ከጨረታ ነው ያመጣት። አረጋውያን ቤት የማታ ተረኛ ነኝ። በቀደም ብርዱ ሲበረታ ጠዋት ከሥራ ስወጣ አልነሳ አለችኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ በገመድ አስነሳችልኝ። በቀጥታ ባትሪ ወደሚሸጥበት ቤት ነድቼ አዲስ አስገጠምኩ። ሞተሩ አሁን ምንም አይልም።

ቴፑ ግን ጉድ ሆነ። ሳበራው «ኢንተር ኮድ» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ሬዲዮ የለ፣ ሲዲ የለ፣ የስልኬን ገመድ ስሰካም ዝም። ባትሪውን የገጠመልኝን ሰው ብጠይቀው፣ ገና ሳያየው «ተቃጥሏል፣ 300 ዶላር አምጪና አዲስ ልግጠምልሽ» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ቆይ ኮዱን እኔ አገኘዋለሁ» ብሎ ቁልፎቹን መደብደብ ጀመረ። እጁን ይዤ አስወጣሁት።

የመኪናዋ መጽሐፍ አለ፣ ኮድ የሚል ካርድ ግን ውስጡ የለም። ሻጩ ስልኬን ማንሳት አቁሟል።

ነገሩ የዘፈን ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሠርቼ አድሬ 395 አውራ ጎዳና ላይ ያለ ድምፅ ስነዳ ዓይኔ ይከደናል። ኮዱን ከየት ነው የማመጣው? ባትሪውን ነቅዬ ብመልሰውስ? ወይስ እውነትም ተቃጥሏል?


አቤል (ሲያትል)

ሰላም ሂሩት። ባትሪውን ነቅለሽ ግማሽ ሰዓት ተይውና መልሺው። የጓደኛዬ ኮሮላ ስክሪኑ ደርቆ እንደዚያ ነው የተስተካከለው። ካልሆነ 0000 ሞክሪ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።


ደምሴ ኤሌትሪሺያን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አቤል ወንድሜ፣ በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ለሷ አይሆንም። የደረቀ ስክሪንና የተቆለፈ ቴፕ ለየቅል ናቸው። የሷ ቴፕ የተቆለፈው መብራት ስለተቋረጠበት ነው። ደግማ ብትነቅለው ደግሞ ይቆለፋል እንጂ አይፈታም። 0000 ደግሞ በሲአርቪዋ ላይ ማስገባትም አይቻልም። ኮዱ የሚገባው ጣቢያ በሚያዝባቸው ቁልፎች ነው፣ እነሱ ደግሞ ከ1 እስከ 6 ናቸው። ዜሮ የለም።

ሂሩት እህቴ፣ በመጀመሪያ ያቺን 300 ዶላር ወደ ቦርሳሽ መልሺ። የተቃጠለ ቴፕ ኮድ አይጠይቅም። ጭራሹን አይበራም፣ ወይም በርቶ ድምፅ አያወጣም። ያንቺው ደህና ነው፣ የታዘዘውን እየሠራ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ እንጀራዬ ይሄ ነበር፣ የመኪና ኤሌክትሪክ። ከአውሮፓ የሚገቡ መኪኖች መርከብ ላይና ጅቡቲ ወደብ ቆመው ቆመው ባትሪያቸው ያልቃል። ባለቤቱ ግብሩን ከፍሎ፣ ሊብሬውን ይዞ፣ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ሲያበራ ቴፑ ኮድ አምጣ ይለዋል። የኮዱ ካርድ ቤልጅየም ቀርቷል። ያኔ ክሩስኮቱን ፈትተን ቴፑን እናወጣለን፣ ክዳኑን እንከፍታለን፣ ኮዱ የተቀመጠባትን ትንሽ ቺፕ በኮምፒውተር እናነባለን። ያቺ ቺፕ መብራት ቢጠፋም የያዘችውን አትረሳም። ዘዴው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ቴፑ ኮዱን ሁልጊዜ ያውቀዋል፣ የሚጠይቀው አንቺ ታውቂው እንደሆነ ነው።

ነገሩ የመጣው ከሌባ ነው። በ1980ዎቹ በአውሮፓም በአሜሪካም የመኪና ቴፕ ስርቆት ለጉድ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ሰዉ መስታወቱ እንዳይሰበርበት «ሬዲዮ የለም» የሚል ወረቀት መኪናው ላይ ይለጥፍ ነበር። የቴፑን ፊት ነቅሎ በኪስ ይዞ መዞርም የዚያው ዘመን ነው፣ እሱን አዲስ አበባም አይተነዋል። ፋብሪካዎቹ ታዲያ ቴፑ ከባትሪው ከተለየ ራሱን እንዲቆልፍ አደረጉት። ሌባው ቢወስደውም አይጮህለትም። ችግሩ ባትሪ የቀየረችን ነርስና ሌባን መለየት አለመቻሉ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አንቺ ምንም መፍታት የለብሽም፣ ካቻቪቴ አታንሺ።

የመሳቢያውን ኪስ ባዶ አድርጊና በስልክሽ መብራት ውስጡን፣ ጎኑንና ክዳኑን እዪ። ሁለት ቁጥር ያለባት ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፋ ይሆናል። ረጅሙ ቁጥር የቴፑ ሲሪያል (መለያ ቁጥር) ነው፣ አጭሩ ኮዱ ነው። የመጽሐፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ተመልከቺ፣ የፊተኛው ባለቤት በእስክሪብቶ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ከተገኘ አለቀ።

ካልተገኘ ሲሪያሉን ከቴፑ ከራሱ እናወጣዋለን። ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ዳሽቦርዱ እስኪበራ አዙሪ። ቴፑ ይጥፋ። 1ን እና 6ን አንድ ላይ ተጫኚ፣ ሳትለቂ የማብሪያውን ቁልፍ ንኪ። ስክሪኑ ላይ ዩ ብሎ አራት ቁጥር፣ ከዚያ ኤል ብሎ አራት ቁጥር ይመጣል። ዩ የላይኛው ማለት ነው፣ ኤል የታችኛው። የዩው ከፊት፣ የኤሉ ከኋላ ሆኖ ስምንት ቁጥር ይሆናል። በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ በቃልሽ አትያዢው።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን ያዢ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ከውጭ ይታያል፣ ኢንሹራንስ ካርድሽ ላይም አለ። ሁለቱን ይዘሽ ሆንዳ አሜሪካ ራሱ ለዚህ ሥራ ያቆመው ድረ ገጽ ግቢ። ሻንሲውን፣ ሲሪያሉን፣ ዚፕ ኮድና ስልክ ይጠይቅሻል፣ ኮዱን ይሰጥሻል። አያስከፍልም። ድረ ገጹ እንቢ ካለሽ የሆንዳ ሻጭ ቤት የመለዋወጫ ክፍል ደውዪ። መታወቂያና የመኪናሽን ምዝገባ ይዘሽ ነይ ይሉሻል። የሚያስከፍል አለ፣ የማያስከፍል አለ፣ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ኮዱ የቴፑ ነው፣ የመኪናዋ አይደለም። መኪናሽ ከጨረታ የመጣች ናት ብለሻል። መሀል ላይ አንዱ ቴፑን በሌላ ለውጦት ቢሆን፣ በሻንሲ ቁጥሩ ብቻ የሚገኘው ኮድ የድሮው ቴፕ ኮድ ነው፣ ያሁኑን አይከፍትም። ስክሪኑ ላይ ያየሽውን ሲሪያል ስጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

«ኮድ እንሸጣለን» የሚሉ ገጾች ብዙ ናቸው። ለሆንዳ አንድ ሳንቲም አትክፈዪ። መንጃ ፈቃድና የመኪና ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪ የሚልሽን ደግሞ ዝጊው።

ስታስገቢ ቀስ ብለሽ ነው። አንዱን ቁጥር ከተሳሳትሽ መሀል ላይ አትጀምሪ። የተሳሳተውን እስከ መጨረሻው ሙዪው፣ ከዚያ ትክክለኛውን ከመጀመሪያው አስገቢ። አሥር ጊዜ ስህተት ከገባ ይቆልፋል፣ ቴፑን አብርተሽ አንድ ሰዓት መተው አለብሽ። የባለቤትሽ ወንድም የደበደባቸውም ከአሥሩ ይቆጠራሉ።

እሱንም ሰላም በይልኝና ይችን ሂሳብ አሳዪው። ስድስት ቁልፍ፣ አምስት አሃዝ ኮድ ቢሆን 7,776 ዓይነት ቁጥር ይወጣል። በሰዓት አሥር ሙከራ ከሆነ ቀንና ሌሊት ሳይተኛ ቢነካካ ሁሉን ለመጨረስ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል። በዚያ መሀል አዲሱን ባትሪሽን ይጨርሰዋል።


ቢኒያም (ፍራንክፈርት)

ጋሽ ደምሴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለኔም የሚሆን አለዎት? አሮጌ ቮልስዋገን ጎልፍ 4 አለችኝ። ጋማ የሚባለው የራሷ ቴፕ ነው ያለው። ክረምቱን ቆማ ከረመችና ባትሪ ቀየርኩ። «ሴፍ» ብሎ ጻፈ። የድሮው ባለቤት የሰጠኝን ቁጥር አስገባሁ፣ እንቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁን ጭራሽ ምንም አይቀበልም። የሆንዳውን 1 እና 6 ሞከርኩት፣ አይሠራም።


ደምሴ ኤሌትሪሺያን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቢኒያም፣ የሆንዳ ዘዴ ለቮልስዋገን አይሠራም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ጠባይ አለው። ፎርድም አንዳንዱ 1 እና 6 ሲያዝ ሲሪያሉን ያሳያል፤ የድሮ ሬኖ ደግሞ ሲሳሳቱበት የሚያስጠብቅህን ጊዜ እያጠፈ ይሄዳል።

የቮልስዋገኑ ቁጡ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ይታገሥሃል፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ይዘጋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አጥፍቶት ይሄድና ከሰዓት በኋላ መጥቶ «አሁንም እንቢ አለ» ይላል። ጠፍቶ የቆየው ጊዜ አይቆጠርም። ቁልፉን አዙረህ፣ ቴፑን አብርተህ፣ «ሴፍ» እንደሚል ሰዓቱን ሙሉ ተወው። አዲስ ባትሪ አስገብተሃል፣ መብራቱን አጥፍተህ ከተውከው ይችለዋል፤ ከሰጋህ ባትሪ መሙያ ሰክተህበት ተወው።

ሲፈታ «1000» የሚል ይመጣል። በ1፣ 2፣ 3 እና 4 ቁልፍ እያንዳንዱን አሃዝ ወደ ኮድህ ታመጣለህ። የመጀመሪያው አሃዝ 1 ቁልፍ ላይ ነው፣ ሁለተኛው 2 ላይ፣ እንደዚያ። ቁጥሩ ሙሉ ሲሆን የጣቢያ መፈለጊያውን ወደ ቀኝ የሚለውን ተጭነህ ከሁለት ሰከንድ በላይ ያዝ። ብዙ ሰው ነካ አድርጎ ይለቀዋል፣ እሱ አይበቃም።

የድሮው ባለቤት የሰጠህ ቁጥር ትክክል ላይሆን ይችላል፣ ወይም የሌላ ቴፕ ይሆናል። ያንተን ለማግኘት ሲሪያሉ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የተለጠፈው ከቴፑ አካል ላይ ነው። ስለዚህ መውጣት አለበት። ለዚሁ የሚሸጡ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፣ ዋጋቸው እዚህ ግባ አይባልም። ፊቱ ላይ ባሉት ስንጥቆች ታስገባቸዋለህ፣ ቀጭ ሲሉ ቀጥ አድርገህ ወደ ራስህ ትስባለህ። በካቻቪቴ አትፈልቅቀው፣ ፕላስቲኩ ይሰበራል። ወረቀቱ ላይ ቪ ደብሊው ዜድ ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ታገኛለህ። ያንን፣ ፋርዞይግሻይንህን (የመኪናህን ምዝገባ ወረቀት) እና መታወቂያህን ይዘህ ቮልስዋገን አገልግሎት ሂድ። የሌላ ሰው መኪና እንዳልሆነ ሳያዩ አይሰጡህም፣ ልክም ናቸው።

ቁጥር እየገመትኩ እሞክራለሁ እንዳትል። አራት አሃዝ 10,000 ነው፣ በሰዓት ሁለት ሙከራ ነው ያለህ። ከስድስት ወር በላይ ነው።


ያሬድ (አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ገና አልተቆለፈብኝም፣ ግን ባትሪዬ እየደከመ ነው፣ በዚህ ሳምንት እቀይራለሁ። ከአውሮፓ የገባች ፔጆ ናት። ኮድ ይኑራት አይኑራት አላውቅም፣ የተሰጠኝ ወረቀት የለም። ሳይቆለፍ የሚቀየርበት መንገድ አለ? እንዳላችሁት ክሩስኮት ማስፈታት አልፈልግም፣ እዚህ አንዴ የተፈታ ክሩስኮት ሁልጊዜ ይንጫጫል።


ደምሴ ኤሌትሪሺያን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ያሬድ፣ ስለ መንጫጫቱ አልከራከርህም። ብሎን የሚተርፋቸው ልጆች አሉ።

መንገድ አለ። የቴፑ ጀርባ ላይ ሁለት የፖዘቲቭ መስመር ይመጣል። አንዱ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው የሚመጣው። ሌላው ሁልጊዜ አለ፣ ቁልፉን ይዘህ ቤትህ ገብተህ ብትተኛም። ቴፑን ሳይቆለፍ የሚያቆየው ይሄ ሁለተኛው ነው። ባትሪው በተነቀለባት ደቂቃ ይሄ መስመር ከሌላ ቦታ 12 ቮልት ካገኘ፣ ቴፑ ምንም እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ሁለተኛ ትንሽ ባትሪ ታዘጋጃለህ። የሞተር ብስክሌት ባለ 12 ቮልት ይበቃል። በሲጋራ መለኮሻው በኩል ማስገባት ትችላለህ፣ ግን መለኮሻው ቁልፍ ሳይኖርም የሚሠራ መሆን አለበት። ስልክ ሰክተህ ቁልፉን ንቀል፣ ቻርጅ ማድረጉን ካቆመ አይሆንም። ያኔ ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት በኩል ነው፣ ሜካኒኩ ኮምፒውተር የሚሰካበት። እዚያ 16 ቁጥር ቀዳዳ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ አለው፣ 4 እና 5 ነጌቲቭ ናቸው። የተዘጋጀ ገመድ ይሸጣል፣ በሽቦ ራስህ አትሞክረው። አዙረህ ከሰካህ የሚቃጠለው ቴፑ ብቻ አይሆንም።

በሮቹን ዝጋ፣ መብራት አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል። ሥራ ላይ ሳለህ የተነቀለው ቀይ ገመድ ጫፍ ኤሌክትሪክ እንዳለው አትርሳ፣ ባትሪ የለም ብለህ ቆርቆሮ ካስነካኸው ያብለጨልጭብሃል። ጎማ ወይም ጨርቅ ጠቅልልበት። እንደተለመደው ነጌቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። ይሄን ሁሉ ለሚቀይርልህ ልጅ ቀድመህ ንገረው፣ ነቅሎ ከጨረሰ በኋላ ብትነግረው ዋጋ የለውም።

ወይም ደግሞ ቀላሉን አድርግ፣ ከመቀየርህ በፊት መጽሐፉንና የዕቃ ኪሱን ፈትሽ። የዛሬ ስንት ዓመት ከተለጠፈ ወረቀት ላይ ኮድ ያገኘሁባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።


ሂሩት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሽ ደምሴ እድሜና ጤና ይስጥልኝ!! ዘፈነ!

የመሳቢያው ኪስ ውስጥ ወረቀት አልነበረም፣ የሰው ማስቲካ ነው ያገኘሁት። ዩ እና ኤሉ ግን ልክ እንዳሉኝ መጣ። ድረ ገጹ መጀመሪያ አልቀበልም አለኝ፣ ለካ ዩንም ኤልንም ጨምሬ ነው የጻፍኩት። ቁጥሮቹን ብቻ ሳስገባ ወዲያው ኮዱን ሰጠኝ። አስገባሁት፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ጣቢያም ፈልጌ ያዝኩበት። ኮዱንም ስልኬ ላይ ሻንሲው ካለበት ጋር አብሬ ጻፍኩት።

አሁን ሌላ ነገር ተመለከትኩ። የሹፌር መስታወት ድሮ አንዴ ነካ ሳደርገው ራሱ ወጥቶ ይዘጋ ነበር፣ አሁን ጣቴን እስካላነሳሁ ብቻ ነው የሚሄደው። ይሄም ከባትሪው ነው? ደግሞ የኢሚሽን (የጭስ ምርመራ) ወረቀት መጥቶልኛል፣ ነገ ከሥራ ስወጣ ላስመርምራት አስቤያለሁ። ቴፑ ተስተካክሏል፣ ችግር የለውም አይደል?


ደምሴ ኤሌትሪሺያን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደስ አለሽ። ማስቲካውን ጣዪው።

መስታወቱ ከባትሪው ነው፣ አልተበላሸም። የት ላይ እንደሚቆም ረስቶ ነው። ሞተሩን አስነሺ፣ መስታወቱን እስከ ታች አውርጂው። ከዚያ የመስታወቱን ማብሪያ ወደ ላይ ስበሽ ያዢ። ከተዘጋ በኋላም ለሁለት ሰከንድ ያህል አትልቀቂው። ለቀሽ ሞክሪው፣ ካልያዘ ድገሚው።

ኢሚሽን ግን ነገ እንዳትሄጂ! ባትሪ ሲነቀል የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱን የመረመረበትን ማስታወሻም አብሮ ይረሳል። የመኪናሽ ዘመን መኪኖች የሚፈተሹት ለያሬድ በነገርኩት፣ ከመሪው ሥር ባለችው የመመርመሪያ ሶኬት ነው። መርማሪው ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ገና ዝግጁ አይደለሁም» ይለዋል፣ አንቺንም ሌላ ቀን ነይ ብለው ይመልሱሻል። ጥቂት ቀን እንደ ወትሮሽ ንጂያት፣ 395ም ላይ ከተማም ውስጥ። ጠዋት ከቀዘቀዘች በኋላ ማስነሳትም ይቆጠራል፣ ያንቺ ሥራ ለዚህ ይመቻል። የወረቀቱ ቀን ካልደረሰ እስከ ሌላው ሳምንት አቆዪው። ከመሄድሽ በፊት መለዋወጫ ቤት ገብተሽ ዝግጁ መሆኗን እዩልኝ በይ፣ ብዙዎቹ በነፃ ሰክተው ይነግሩሻል።